ኤዲፋየር አር1280ቲ በሳሎን ውስጥ፦ የት ቢቀመጥ ይሻላል?

ኤዲፋየር አር1280ቲ የተባለው ጥንድ ስፒከር ለመጠኑና ለደረጃው የሚያስመሰግን ድምፅ አለው፤ ይህን ድምፅ የሚያገኘው ግን በሚገባው ቦታ ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ማስቀመጫው ክፍት ቦታ ውስጥ ተሸጉጦ፣ ወይም አንዱ ቡፌ ላይ ሌላው የመስኮት ጠርዝ ላይ ሆኖ ሲደመጥ፣ ከተራ የኮምፒውተር ስፒከር ብዙም የሚለይ አይመስልም። ያው ጥንድ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ በጆሮ ቁመት ላይ፣ ከአድማጩ እኩል ርቀት ይዞ ሲቆም ደግሞ ዘፋኙ በሁለቱ መካከል የቆመ ያህል ይሰማል። ልዩነቱ በጣም ሰፊ በመሆኑ ስለ ዕቃው የምሰጠውን አስተያየት ስለ አቀማመጡ ከምለው ነጥሎ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። ኤዲፋየር በ1996 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ አር1280ቲ ከታወቁት ምርቶቹ አንዱ ነው። የድምፅ ማጉያው በቀኙ ስፒከር ውስጥ የተገጠመ በመሆኑ ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ወገን 21 ዋት፣ በድምሩ 42 ዋት ይሰጣል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 4 ኢንች ዉፈርና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 13 ሚሊ ሜትር የሐር ትዊተር አለ። አምራቹ የገለጸው የድምፅ ክልል ከ75 ኸርዝ እስከ 18 ሺህ ኸርዝ ይደርሳል (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ባሱን ለማገዝ ከሳጥኑ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከፊት ለፊት የተከፈተ ሲሆን፣ ይህ ለጠባብ ቤት ትልቅ ጥቅም እንዳለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስፒከር ለመግዛት ወደ መደብር የሚሄድ ሰው ዕቃውን የሚሰማው በአመዛኙ በማይመች ሁኔታ ነው። ስፒከሮቹ መደርደሪያ ላይ ተደራርበው፣ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ሻጩም ባሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያሰማል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚያሸንፈው ብዙ ባስ የሚያወጣው ስፒከር ነው፤ ቤት ሲገባ ደግሞ የሚያሰለቸው እሱው ነው። አር1280ቲን በመደብር ሰምቶ «ባሱ አነስተኛ ነው» ብሎ የተወው ሰው ፍርዱ የተሳሳተው በጆሮው ድክመት ሳይሆን ዕቃው በቀረበለት መንገድ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው ከግድግዳ ጋር ያለው ርቀት ነው። ወፍራም ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል። ስፒከሩ ግድግዳ አጠገብ ሲሆን ወደ ኋላ የሄደው ድምፅ ተመልሶ ከፊተኛው ጋር ይደመርና ባሱ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ጠንካራ ገጽ ጭማሪው በዝቅተኛው ክልል እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ሊደርስ ይችላል። የቤቱ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ግድግዳ ስለሚያገኘው ጭማሪው እጥፍ ይሆናል። ብዙ ሰው ስፒከሩን ጥግ ውስጥ አስገብቶ «አሁን ባሱ መጣ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። የመጣው ግን የዘፈኑ ባስ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ድምፆች ያለ ልክ አብጠው ሌሎቹን ሸፍነዋል።

ይህን ለመለየት በገና የተመዘገበበት ጥሩ ቅጂ እጅግ ይጠቅማል። የበገና ድምፅ ሁለት ነገር በአንድነት የያዘ ነው፦ ከታች ወፍራሙ የጅማት ድምፅ አለ፣ ከላይ ደግሞ በጅማቱና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው እርግብግብታ አለ። ስፒከሩ ጥግ ውስጥ ሲሆን ወፍራሙ ክፍል ያጉረመርማል፤ አንዱ ጅማት ከሌላው በእጅጉ ጎልቶ ይወጣል፤ እርግብግብታውም ከጉርምርምታው ሥር ይቀበራል። ስፒከሩ ከጥጉ ወጥቶ ከጎን ግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ሲርቅ ጅማቶቹ በተቀራራቢ ኃይል መሰማት ይጀምራሉ፤ ጣት ጅማቱን ሲለቅ ያለው ቅጽበት ይታወቃል፤ የደርዳሪው ድምፅም ከመሣሪያው ተለይቶ ይቆማል። በገና የሌለው ሰው ከበሮ ያለበትን መዝሙር ቢጠቀምም ልዩነቱን ያገኘዋል።

ከኋላ ግድግዳ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው ግን አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ምክንያቱም ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ የሚያበረታው ብቻ ሳይሆን የሚሰርዘውም ክፍል አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከስፒከሩ ፊት እስከ ኋላ ግድግዳው ያለው ርቀት የአንድ ድምፅ ሞገድ ሩብ ሲሆን፣ ተመልሶ የመጣው ሞገድ ከፊተኛው ጋር ተቃርኖ ስለሚገናኝ ሁለቱ ይጣፋሉ። ርቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ107 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ማለትም እዚያ ያለው ድምፅ ይደክማል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጉድጓዱ ወደ 286 ኸርዝ ይወጣል። የወንድ ድምፅ መሠረት ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው አካባቢ፣ የሴት ድምፅ ደግሞ በሁለተኛው አቅራቢያ ስለሚገኝ፣ ስፒከሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ማንቀሳቀስ ዘፋኙን ሲያጠወልገው ወይም ነፍስ ሲዘራበት የምንሰማው ለዚህ ነው። ጠቃሚው ዘዴ ከኋላ ግድግዳ፣ ከጎን ግድግዳና ከወለል ያሉትን ሦስት ርቀቶች እኩል አለማድረግ ነው፤ እኩል ከሆኑ ሦስቱም ጉድጓዶች በአንድ ቦታ ተደራርበው ጥልቀታቸው ይብሳል።

አር1280ቲ በዚህ ረገድ ለአነስተኛ ቤት የሚመች ባሕርይ አለው። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከፊት ስለሆነ፣ ከኋላ ቀዳዳ እንዳላቸው ስፒከሮች ግድግዳው መተንፈሻውን አያፍነውም። ስለዚህ ቦታ ከሌለ ከግድግዳው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር አርቆ ማስቀመጥና በቀኙ ሳጥን ጎን ባለው የባስ መቆጣጠሪያ ትንሽ መቀነስ ይቻላል። ቦታ ላለው ሰው ግን ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ከኋላ ግድግዳ እንዲያርቀው እመክራለሁ፤ የባሱ መጠን ይቀንሳል፣ በምትኩ የሚገኘው ጥራትና ጥልቀት ግን ከጠፋው እጅግ ይበልጣል። በዚያ ቦታ የባስ መቆጣጠሪያውን መሃል ላይ መተው ይበቃል።

ቡፌን በተመለከተ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ቡፌ ለስፒከር ጥሩ ማረፊያ አይደለም። የመስታወት በሮቹ፣ ውስጥ የተደረደሩት ስኒዎችና ብርጭቆዎች ከባሱ ጋር ይንቀጠቀጣሉ፤ ባዶ የእንጨት ሆዱም እንደ ሁለተኛ ስፒከር ሆኖ የራሱን ድምፅ ይጨምራል። ይህን ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ነው፦ ከበሮ ያለበት ሙዚቃ ከፍቶ መዳፉን በቡፌው ክዳን ላይ ያሳርፍ። እንጨቱ ከእጁ ሥር የሚርገበገብ ከሆነ ከሚሰማው ባስ የተወሰነው የቡፌው ነው። ሌላ አማራጭ ከሌለ በስፒከሩና በእንጨቱ መካከል ወፍራም ላስቲክ ወይም ጠንካራ ስፖንጅ ማንጠፍና ስፒከሩን እስከ ቡፌው የፊት ጠርዝ ድረስ ማምጣት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ወደ ኋላ የተገፋ ስፒከር ከፊቱ ያለውን የእንጨት ሜዳ እንደ መስታወት ይጠቀምበታል፤ ከሜዳው የነጠረው ድምፅ ቀጥታ ከሚመጣው ጋር ስለሚደባለቅ ንግግርና ዘፈን ይደበዝዛሉ።

የሚሻለው ግን ማቆሚያ ማሠራት ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል በግምት ከ90 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል፤ ትዊተሩም በዚያ ቁመት ላይ መሆን አለበት። የአር1280ቲ ሳጥን ቁመት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ትዊተሩ ወደ ላይኛው ክፍል ስለሚገኝ፣ ከ72 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ማቆሚያ ለአብዛኛው ሶፋ ይስማማል። ማንኛውም የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሰፋ ያለ የታች ሰሌዳ፣ አንድ ወፍራም ቱቦና ትንሽ የላይ ሰሌዳ በይዶ ሊሠራው ይችላል። ቱቦው ባዶ ከሆነ ሲመታ ስለሚጮህ በደረቅ አሸዋ መሙላት ይገባል፤ አሸዋው ጩኸቱን ይገድለዋል፣ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤትም ማቆሚያው በቀላሉ እንዳይወድቅ ክብደት ይሰጠዋል። ስፒከሩን በጎኑ ማጋደም ደግሞ መወገድ ያለበት ልማድ ነው። ትዊተሩና ዉፈሩ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚጋሩት የድምፅ ክልል አድማጩ ጭንቅላቱን ወደ ግራና ቀኝ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል።

ቁመቱና ከግድግዳ ያለው ርቀት ከተስተካከለ በኋላ በግራና በቀኝ ስፒከሮች መካከል ያለው ርቀት ይከተላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. የስቲሪዮን ፓተንት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ የስቲሪዮ ሐሳብ የተመሠረተው፣ ሁለት ምንጮች ለሁለት ጆሮዎች በሚያደርሱት ጥቃቅን ልዩነት መካከል ላይ የሌለ ነገር እንዳለ ሆኖ እንዲሰማ በማድረግ ላይ ነው። ይህ ምስል እንዲገኝ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን መሥራት አለባቸው፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ማዳመጫ ክፍል የሚመክረውም ሁለቱ ስፒከሮች ከአድማጩ አንጻር 60 ዲግሪ እንዲራራቁ ነው። ለአር1280ቲ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያለው ርቀት በጣም ይስማማዋል። ባለ 4 ኢንች ዉፈርና 21 ዋት ይዞ አራት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ሳሎን እንዲሞላ መጠየቅ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ክፍት በሆነ ቦታ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳልና።

ምስሉ መገኘቱን ለማረጋገጥ ከሁሉ የሚሻለው መሞከሪያ በሞኖ የተቀረጸ ዘፈን ነው። በዚህ እኛ ዕድለኞች ነን፤ ከካሴት ዘመን በፊት በሸክላ የታተሙት የአማርኛ ዘፈኖች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፣ ዛሬም በዲጂታል ቅጂ በቀላሉ ይገኛሉ። ሞኖ ዘፈን ከሁለቱም ስፒከሮች ፍጹም አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚያወጣ፣ አቀማመጡ ትክክል ከሆነ ዘፋኙ በመሃል እንደ አንድ ጠባብ ነጥብ ሆኖ መሰማት አለበት። ወደ አንድ ወገን ካጋደለ፣ ያ ወገን ቀርቧል ወይም አጠገቡ ግድግዳ አለው ማለት ነው፤ በሜትር ለክቶ ማስተካከል ይገባል። ድምፁ ቦታ አጥቶ ከጭንቅላት ዙሪያ ከተንሳፈፈና ባሱ ከሳሳ ደግሞ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በአንዱ ስፒከር ላይ ተገላብጦ ታስሯል። በአር1280ቲ ላይ ይህ የሚያጋጥመው ግራውና ቀኙ በተላጠ ሽቦ ስለሚገናኙ ነው፤ የሽቦው ምልክት ያለበት ወገን በሁለቱም ጫፍ ከቀዩ ጋር መታሰሩን ማየት ይበቃል። የሞኖ ዘፈን በእጁ የሌለው ሰው በአብዛኞቹ ስልኮች የተደራሽነት ማስተካከያ ውስጥ ድምፅን ወደ ሞኖ የሚቀይር ምርጫ ያገኛል።

ስፒከሮቹን ወደ አድማጩ ማዞርን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ ወደ ጆሮ ሲያነጣጥሩ ዘፋኙ ይጠራል፣ ማሲንቆው ግን ሊሾል ይችላል፤ ወደ ፊት ቀጥ ብለው ሲያዩ ድምፁ ይለዝባል፣ ምስሉም ይሰፋል። በዚህ ጥንድ ላይ የወደድኩት ሁለቱ ስፒከሮች ከአድማጩ ጭንቅላት ትንሽ ኋላ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሲዞሩ ነው።

በኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጋው ሶፋው ነው። ስፒከር እንደሚንቀሳቀስ ሁሉ አድማጩም መንቀሳቀስ አለበት። ለምሳሌ ርዝመቱ 4.5 ሜትር የሆነ ሳሎን በ38 ኸርዝና በ76 ኸርዝ አካባቢ የራሱ የሆኑ ድምፆች አሉት፤ በእነዚህ ድምፆች ላይ ክፍሉ ራሱ ይጮሃል። አር1280ቲ ከ75 ኸርዝ በታች ብዙም ስለማይወርድ የመጀመሪያውን አይነካካውም፤ በዝርዝሩ ላይ ጉድለት የሚመስለው ቁጥር ለጠባብ ሳሎን እፎይታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ግን ይነካል፤ ይህ ድምፅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያብጠው በግድግዳዎቹ አጠገብና በክፍሉ መሃል ነው። ሶፋው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ሲሆን አድማጩ በትክክል እብጠቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ በተጨማሪም ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ግድግዳ ድምፁን ወዲያው ወደ ጆሮው ይመልስበታል። ሶፋውን 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ማምጣት የሚያመጣውን ለውጥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሌላ ስፒከር ላያመጣው ይችላል። የቤተሰቡ ሳሎን ይህን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ለማዳመጥ በሚፈለግበት ሰዓት ወንበር ወደ ፊት ማቅረብ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

የኮንዶሚኒየምና የአዳዲስ አፓርታማ ሳሎኖች ሌላው ችግር ጥንካሬያቸው ነው። የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ሰፊ የመስኮት መስታወትና በመሃል የተቀመጠ ባለመስታወት ጠረጴዛ ድምፅን ሳይውጡ ይመልሳሉ። ከስፒከሩ በቀጥታ የመጣውና ከጎን ግድግዳ ነጥሮ የመጣው ድምፅ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ስለሚደርሱ ጆሮ ሁለት ድምፅ ብሎ አይለያቸውም፤ ይልቁንም ድምፁ የሻከረና ቦታው ያልለየ ሆኖ ይሰማዋል። የሚነጥርበትን ቦታ ለማግኘት አንድ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሌላው መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ፤ የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ቦታ ድምፁ የሚነጥርበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ወይም የተሰቀለ ምንጣፍ ይረዳል። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ የመሃሉን ጠረጴዛ በጨርቅ መሸፈን ወይም ለጊዜው ገለል ማድረግም እንዲሁ። ጨርቅ የሚውጠው ግን ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የጥግ ጉርምርምታን መጋረጃ አያስወግደውም፤ እሱን የሚያስወግደው ከላይ የተገለጸው የስፒከሩና የሶፋው ቦታ ነው። ጎረቤት ላለው ሰውም ጥቅሙ የጋራ ነው፦ ከጋራ ግድግዳ የራቀና በራሱ ማቆሚያ የቆመ ስፒከር ወደ ወዲያኛው ቤት የሚያሻግረው ባስ ያንሳል።

ወደ ዕቃው ስመለስ፣ በአቀማመጥ ረገድ ዲዛይኑ ያልረዳባቸው ቦታዎች አሉ። የድምፅ፣ የባስና የቀጭን ድምፅ መቆጣጠሪያዎች በቀኙ ስፒከር ጎን ላይ በመሆናቸው፣ ስፒከሩ መደርደሪያ ውስጥ ወይም ግድግዳ አጠገብ ከሆነ እጅ አይደርስባቸውም። አብሮ የሚመጣው ሪሞት ድምፁን ለመጨመርና ለመቀነስ ያገለግላል፤ ባሱን ግን አይነካም። የኃይል ገመዱም የሚገባው በቀኙ ስለሆነ የሶኬቱ ቦታ ማን የት እንደሚቆም ይወስናል። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ካጠረ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በሚገዛ ባለሁለት ሽቦ መተካቱ ቀላል መሆኑ ግን ትልቅ በጎ ጎን ነው፤ በልዩ መሰኪያ የሚገናኙ ስፒከሮች ይህን ነፃነት አይሰጡም። ግራና ቀኝን የሚያመጣጥን መቆጣጠሪያ አለመኖሩ፣ ሶፋው ከመሃል ወጣ ላለበት ቤት ቅር የሚያሰኝ ጉድለት ነው።

ከኋላ ያሉት ሁለት የአርሲኤ (የቀይና ነጭ መሰኪያ) መግቢያዎች ለኛ ቤት የሚስማሙ ናቸው፤ አንዱ ከዲሽ ሪሲቨሩ፣ ሌላው ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ጊዜ ተገናኝቶ መቆየት ይችላል። ብሉቱዝና የኦፕቲካል (ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ) መግቢያ ግን የለውም። ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ብቻ ያለው ወይም ስልኩን ያለ ገመድ ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም የያዘውን የኤዲፋየር ሌላ ሞዴል፣ አር1280ዲቢን፣ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ስለ አቀማመጥ ያልኩት ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ለሠርግ፣ ለግብዣ ወይም ለትልቅ አዳራሽ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ሁለቱንም አልመክርም። አር1280ቲ የተለየ የሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ተጨማሪ ስፒከር) መውጫ ስለሌለው በኋላ ባስ ልጨምርበት ለሚልም የተዘጋጀ አይደለም። በመካከለኛ ሳሎን ወይም በመኝታ ክፍል፣ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ርቀት ተቀምጦ የዘፋኙን ቃል፣ የክራሩን ምትና የማሲንቆውን ጅማት ለይቶ መስማት ለሚፈልግ፣ ለማቆሚያ ማሠሪያም ትንሽ ገንዘብ ለሚያስተርፍ ሰው ግን ያለ ማመንታት እንዲገዛው እመክራለሁ።